ለሳንቃው የተነገረ ውሸት

ሰው ሲያረጅ ከቆመበት ይጠፋል እንዴ? ቬርና ሃልቨርሰን በሐይቁ ዳር ካለው ሱቅ ባንኮኒ ፊት እንደ ምሰሶ ተገትራለች፤ ሻጩ ግን ጥያቄውን ሁሉ የሚያቀርበው ለልጅ ልጇ ለብሪታ ነው።

«በጀልባ የሚጎተት ሳንቃ ነው የፈለግሽው? ከዚህ በፊት ሞክረሻል?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለአያቴ ነው» አለች ብሪታ።

ኮልተን የሚሉት ሻጭ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ግድግዳ ላይ ለመስቀል?»

«አንተን ልስቀልበት!» አለች ቬርና። «አንተ ጡት ሳትጥል እኔ በዚህ ሐይቅ ላይ ቆሜ እጎተት ነበር። አፍ አለኝ፤ እኔን ጠይቀኝ።»

ነገሩ የሳንቃ ብቻ አልነበረም። ባሏ ኦርቪል በበረዶው ወራት ሞቷል። ልጇ ጆሊን ደግሞ «ከእንግዲህ ማን ሊጎተትባት ነው?» ብላ በቤተሰቡ ጀልባ ላይ የሽያጭ ወረቀት ለጥፋለች። በዚያ ሐይቅ፣ በረዶው ቀልጦ፣ ለክረምቱ ተነቅሎ የነበረው የጀልባ ማቆሚያ የእንጨት መድረክ ወደ ውኃው በሚመለስበት ቀን ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ከየቤቱም አንድ ሰው በሳንቃ ተጎትቶ ዓመቱን ይከፍታል። ከእነሱ ቤት ያ ሰው ኦርቪል ነበር። ቬርና «ዘንድሮ እኔ ነኝ» ስትል ጆሊን ሳቀች። «ቆመሽ ቀዩን ተንሳፋፊ ምልክት ካለፍሽ ጀልባዋ አትሸጥም» አለቻት። ቃል ነው።

ኮልተን አፍሮ ወደ ቬርና ዞረ። «ይቅርታ እማማ። ሁለት ነገር ይንገሩኝ፤ ክብደትዎንና በሳንቃው ላይ አካሄድዎን።»

ከኋላዋ ጎረቤቶች ተሰልፈዋል፤ ወሬ እንደ ጥጥ የምትፈትለው ማርጂም አለች። ቬርና ሆዷን ሳብ አድርጋ «መቶ ሠላሳ ፓውንድ» አለች። ይህን ያህል የመዘነችው ጆሊንን ሳትወልድ ነው። «አካሄዴ ደግሞ ጀልባዋ የምታስነሳውን ማዕበል ረግጬ ወደ ሰማይ!»

ልጁ ሁለት ሳንቃ አወረደ። «ይሄ ረዘም ያለው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሙዝ ቀስ ብሎ የጎበጠ ነው፤ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ ጠርዙም ድንገት ውኃ ነክሶ አይጥልም። አጭሩ ግን ቀለል ላለ ሰው ነው፤ መሐሉ ዝርግ፣ ጫፎቹ ቀጥ ብለው የተነሱ ናቸው፤ ማዕበል ላይ ሽቅብ ይወረውራል፣ ሲያርፍ ጉልበት አይምርም። እኔ ብሆን...»

«ሙዙን ለዝንጀሮ ስጥ» ብላ አጭሩን ይዛ ወጣች።

ቀኑ ደረሰ። ጆሊን ጀልባዋን ነዳች፤ ብሪታ ወደ ኋላ ዞራ አያቷን ትጠብቃለች። ገመዱ ተወጠረ፤ ሳንቃው ግን ከቬርና ሥር ሰመጠ። ደገሙት፤ ሰመጠ። ሠለሱት፤ ተነሳች ሲባል በአፍንጫዋ ሐይቁን ጠጣችው። ዳር ላይ ቋሊማ የያዙት ጎረቤቶች ዓይናቸውን ወደ ቋሊማቸው መለሱ። ይህ ከሳቅ ባሰ።

«እማ፣ ይበቃል። መሸነፍ ነውር አይደለም» አለች ጆሊን ከጀልባዋ ላይ።

ቬርና በጀርባዋ ተንሳፍፋ ሰማዩን አየች። ኦርቪል ዕድሜው በገፋ ቁጥር ረዘም ያለ ሳንቃ ይዞ ይመጣ ነበር። «ደግሞ የማንን በር ገንጥለህ መጣህ?» ስትለው ይስቅና ይሄድበታል። ሰው ይሸነገላል፣ ይታለላል። ሳንቃ ግን የነገሩትን አምኖ ይሸከማል፤ ያልነገሩት ትርፍ ይዞት ይሰምጣል። እሷ የገዛችው ለሌላ ሴት ነው፤ እንደ ሽቦ ጉልበት ለነበራት፣ ዛሬ ለሌለችው። ለኦርቪል አልቅሳለች፤ ያችን ሴት ግን እስካሁን አልቀበረቻትም።

ከውኃው ወጣች። እየተንጠባጠበች፣ በባዶ እግሯ፣ ሳንቃውን በብብቷ ይዛ መንገዱን ተሻገረችና የሱቁን በር በትከሻዋ ከፈተችው። ማርጂ ለመጠጥ ማቀዝቀዣ በረዶ ልትገዛ ገብታ ነበር።

«አንተ ልጅ! መቶ ስልሳ ስምንት ፓውንድ ነኝ! ማርጂ ሰማሽ? ላልሰማው ንገሪልኝ። ግራ ጉልበቴ የኔ አይደለም ብል ይሻላል። መዝለሉ ይቅርብኝ፤ መቆም ነው የምፈልገው። ሙዙን አምጣ!»

ኮልተን አልሳቀም። «ያን ዕለት ረጅሙን ይውሰዱ ብልዎ ይሰሙኝ ነበር?»

«አልሰማህም ነበር። አንተስ መጀመሪያ ማንን ጠየቅህ?»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ረጅሙን አወረደ፤ ሳንቃው ላይ የተገጠሙትን ጫማዎችም ተንበርክኮ በእግሯ ልክ አጠበቀላት።

አሁን ገመዱ ሲወጠር ሳንቃው እንደ ላም ጀርባ ከሥሯ ቀስ ብሎ ተነሳ። ቆመች። ወገቧ ጎብጦ፣ መቀመጫዋ ወደ ኋላ ወጥቶ፣ ለዓይን የሚያምር አልነበረም። ማዕበሉን አልነካችውም፤ በመሐሉ ጸጥ ባለው ውኃ ላይ ቀጥ ብላ ሄዳ ቀዩን ምልክት አለፈችው፤ ከዚያ ገመዱን ለቀቀች።

ጆሊን ጀልባዋን አዙራ አጠገቧ አቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «አባባን መሰልሽኝ እኮ።»

«አትነፋረቂብኝ» አለች ቬርና ውኃውን እየተፋች። «ያንን ወረቀት ገንጥይው። መሪውን ለብሪታ ስጪና አንቺ ወደዚህ ውረጂ። መጀመሪያ ግን ክብደትሽን ንገሪኝ፤ እውነተኛውን!»