የዲሪባ ቋጠሮ

«እሱ እዚህ ድንኳን ውስጥ እግሩን ካስገባ እኔ እወጣለሁ!»

ደጊቱ ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ዲሪባም ከውጭ አጥሩ ስር እንደቆመ ሰማ፤ አንገቱን ደፋ እንጂ አልሄደም። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ሲመሽ ይሄዳል፣ ንፍሮ ሲሰጡት አይቀበልም።

«ተይ እንጂ እህቴ፣ ጓደኛው እኮ ነው» አለቻት ጎረቤቷ ማሪቱ በሹክሹክታ።

«ጓደኛው ነው የገደለው!»

ሰበታ ውስጥ የሚወራውም ይኸው ነው። እሁድ ዕለት የኦቦ ኢተፋ ጥጃ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። የደጊቱ ወንድም ሌንጮ ሊያወጣው ወረደ። የእድሩ ወፍራም ገመድ ስላጠረ ዲሪባ ሌላ ቀጭን ገመድ ቀጠለበት። ጥጃው በሰላም ወጣ፤ ሌንጮ ግን እየተሳበ ሳለ ወደቀ። «ቋጠሮው ተፈታ» አሉ ኦቦ ኢተፋ። ጥጃው ዛሬም እምቧ ሲል ከጎረቤት ይሰማል፣ የደጊቱም ደም ይፈላል። ለጥጃ! ያን የመሰለ ወንድም ለጥጃ!

ሌንጮ ከልጅነቱ ስካውት ነበር። ቋጠሮ የሚለማመደው በእሷ ነጠላ ጫፍ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስታነሳው ታስሮ ታገኘውና ትሰድበዋለች። «ሲስቡት የሚጠብቅ፣ ሲፈልጉ የሚፈታ፣ ቋጠሮ ማለት ይሄ ነው» ይላታል እየሳቀ። እሷም ሳትወድ በግዷ ተማረች። ሁለቱ ገመድ እኩል ከሆነ ቀኝ በግራ ላይ፣ ከዚያ ግራ በቀኝ ላይ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ከሆነ ግን ወፍራሙን አጥፎ ቀጭኑን በውስጡ ማሳለፍ፣ በጀርባው ማዞርና ራሱ ስር ማስገባት ነው።

ዲሪባን ያቃተው ይህኛው ነበር። ሌንጮ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱንና ስካውት ልጆችን ቋጠሮ አስተምሮ ሲመለስ እራት ላይ ያነሳዋል። «ትልቁ ሰውዬ ዛሬም ተፈታበት!» ደጊቱም አብራው ትስቅ ነበር። አሁን ያ ሳቅ ያንገበግባታል።

ከሰዓት በኋላ ከወጨጫ ተራራ በኩል ነፋስ መጣና የድንኳኑ አንድ ጥግ ዘመመ። ደጊቱ ራሷ ወጣች፤ ተቀምጦ ማልቀስ መሯት ነበር። የላላውን ገመድ ልታጠብቅ ካስማው ጋ ጎንበስ ስትል እጇ ቋጠሮ ላይ አረፈ።

ቀጭን ገመድ ከወፍራም ጋር ተያይዟል። ወፍራሙ ታጥፏል፣ ቀጭኑ በውስጡ አልፎ፣ ዞሮ ራሱ ስር ገብቷል። የጉድጓድ ጭቃ ደርቆበታል። በሙሉ ኃይሏ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። ከወፍራሙ ገመድ ግን የቀረው ክንድ ያህል ብቻ ነው፤ የተበጠሰው ጫፍ ሻግቶ ስትነካው በጣቷ ላይ ረገፈ።

ይህን ገመድ ታውቀዋለች። ሌንጮ በየእድሩ ስብሰባ «በስብሷል፣ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል» ሲል የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ኢተፋ «ገና ይሠራል» ብለው አፉን ያስይዙት ነበር። እሁድ በጩኸቱ መሃል ሰብስበው የወሰዱትም እሳቸው ናቸው። ድንኳን ጣዮቹ ምንም ሳያውቁ ከዕቃ ቤት አውጥተው ሌንጮ በወደቀበት ገመድ የሌንጮን የለቅሶ ድንኳን ተከሉ።

ገመዱን ከካስማው ፈትታ ገባች። የድንኳኑ ጥግ ከኋላዋ ወደቀ።

«ኦቦ ኢተፋ! ቋጠሮው ተፈታ ብለው አልነበር? ይኸው፣ ሰው ሁሉ እያየ ይፍቱት!»

ሽማግሌው ገመዱን ሲያዩ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለቅሶ ላይ እንዲህ አይባልም…»

«ለቅሶ ላይ መዋሸትስ ይባላል?»

ደጊቱ ጥላቸው ወደ አጥሩ ሄደች። ዲሪባ ስትመጣ አይቶ ወደ ኋላ አለ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«እትዬ፣ የኔ ቋጠሮ ሁሌም ይፈታል» አለ። «እኔም ተፈታ ብዬ ነው የማምነው።»

በራሷ ተናደደች። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሰው ከሌንጮ ጋር ቀብራው ነበር። የገመዱን አንድ ጫፍ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሳበው!»

ቀስ ብሎ ሳበ።

«ሳበው አልኩህ!»

እሱ ከዚያ፣ እሷ ከዚህ ሳቡት። ቋጠሮው ጠበቀ። ዲሪባ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኾ አለቀሰ። ደጊቱ የያዘችውን ጫፍ ሳትለቅ ወደ ድንኳኑ ዞረች፤ እሱም የራሱን ጫፍ እንደያዘ ተከትሏት ገባ።