ሁለት ጣት ስፌት

ባሏ «በርሜል» ብሏት ከሄደ ወዲህ ታናሺቱ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ቃል ማሳመር አትችልበትም፤ አንጀቷ አልችል ሲላት የእህቷን ቀሚስ በድብቅ ተርትራ ከየጎኑ ሁለት ጣት አሰፋችው።

«ኧረ ቀንሰሻል! ይኸው ሰፍቶሻል!» አለቻት ስታለብሳት።

ታናሺቱ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። በማግስቱ ማለዳ በእግሯ መሄድ ጀመረች፤ እንቅልፏም ተመለሰ፤ የምር ቀነሰች። ታላቋ ውሸቷን መረቀች።

ታናሺቱ ግን በየሳምንቱ «አጥብቢልኝ» እያለች መመላለሷን አልተወችም። ጎረቤቷ «ምን ጉድ ነው፣ ልጃገረድ ሆነሽ ቁጭ አልሽ!» ትላታለች። ምሳዋ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ታላቋ ቀሚሱን ስትለካ ጣቷ አጥንት ላይ እያረፈ ነው።

ዛሬ ስፒሎቹን አስቀምጣ ዳቦ በሳህን አቀረበችላት።

«እህትዬ፣ ይብቃሽ። ያኔ አልቀነስሽም ነበር። ደስ እንዲልሽ ብዬ ቀሚሱን እኔ ነኝ ያሰፋሁት።»

ታናሺቱ ወደ ቀሚሱ ዞረች።

«ስንት?»

«ሁለት ጣት።»

«ከየጎኑ?»

ታላቋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ታናሺቱ ልትቀምሰው አንስታው የነበረውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰች። ሜትሩን ወገቧ ላይ እየጠመጠመች፣ «እንግዲያው ገና ነኝ ማለት ነው» አለች።