የተቋረጠው ንግግር

መብራት የጠፋው ስለ ጎርፉ ለአገር የሚናገሩት ፕሬዚዳንት «ስለዚህ እያንዳንዳችን» እንዳሉ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲጨልም፣ እንጅባራ አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰቡት ፈረሰኞች ንግግሩን በአገውኛ ወደምትተረጉምላቸው ወደ ቤዛዊት ዞሩ።

ጎርፉ ድልድዩን ከወሰደ ወዲህ መኪና አያልፍም። ከወንዙ ማዶ ከተራቡት አንዷ ቤዛዊትን ያሳደገቻት አክስቷ ዘውድነሽ ናት። እህል ማሻገር የሚችለው ፈረስ ብቻ ነው፤ ፈረሰኞቹ ግን ለጥር የግልቢያ በዓል የሚቀልቡትን ፈረስ በነሐሴ ጭቃ እህል ማሸከም አልወደዱም።

«ከዚያስ ምን አሉ?» አሉ የፈረሰኞቹ አለቃ አያ ሽባባው።

«ፈረሳችሁን አውጡ አሉ» ብትል ማን ያውቅባታል? ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልሰማሁም» አለች። «የሰማሁት ‹የተቸገረው ወገናችን ብቻውን አይደለም› ሲሉ ነው። አክስቴ ግን እስካሁን ብቻዋን ናት።»



«ታዲያ ሰውየውን ውሸታም ልናደርጋቸው ነው?» አሉ አያ ሽባባው ከመቀመጫቸው እየተነሡ።

«የእርስዎ ፈረስ እኮ ከእርስዎም በላይ አርጅቷል» አለ አንዱ።

«ቢያረጅም እንዳንተ መብራት አይጠብቅም።»

እየተሳሳቁ ተከታትለው ወጡ።

ቤዛዊት ጃንጥላዋን ስታነሣ መብራቱ መጣ። ፕሬዚዳንቱ ለባዶ አግዳሚ ወንበሮች ይናገራሉ። ቆማ ጥቂት አዳመጠች፤ ደህና ይናገራሉ። ውጭ ፈረሶቹ ሲያሽካኩ ግን ወጣችና በሩን ዘጋችው።