ሁለት ሚሊሜትር

ዶክተር ሚናስ የካሊፐሩን የጥልቀት መለኪያ ጭራ ከብረት ሰሌዳው ጀርባ በተበሳው ቀዳዳ አስገባና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበ። ለሆሳዕና መመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ ሆኖ ከአዲስ አበባ ነቀምት ድረስ የመጣ ሰው ነው።

"ሰሌዳው ስድስት ሚሊሜትር ይወፍራል። ቀዳዳው አራት ይገባል። እንግዲህ ሙቀት መለኪያው ከገጹ በስንት ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው?"

"በሁለት" አለች ሆሳዕና።

"ጽሑፍሽ ግን አንድ ይላል።"

ለማስተርሷ የሠራችው ይህንኑ ነበር። ከድምፅ የፈጠነ ትኩስ አየር ብረት ላይ ሲያልፍ ገጹ ምን ያህል ሙቀት እንደሚቀበል፣ ብረቱ ውስጥ ከተለካው ሙቀት ተነስታ ታሰላለች። መለኪያው ገጹ ላይ ቢቀመጥ ነፋሱ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ውስጥ ይቀበራል። ጥልቀቱ ከተሳተ የሁለት ዓመት ስሌት አብሮ ይወድቃል።

ፈታኞቹ የዐሥር ደቂቃ ዕረፍት ሰጡ። አማካሪዋ ዶክተር ጋሩማ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

"ማን ነው የበሳው?"

"የወርክሾፑ ቴክኒሻን ኦቦ ኩማ ናቸው። ግን እኔ ባዘዝኳቸው ነው። አንድ ብቻ ከቀረው ይቀደዳል ሲሉኝ ንድፉ ላይ በእጄ ሁለት ብዬ አረምኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ስሌት መቀየሩን ረሳሁት።"

ጋሩማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይህን ውስጥ ከተናገርሽ ዓመት ትደግሚያለሽ፤ የመምህርነት ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። የወርክሾፑ ስህተት ከሆነ አስተካክለሽ ታስገቢያለሽ፣ አለቀ። የኩማ ኮንትራት እንደሆነ በዚህ ወር ያበቃል።"

ከኪራሙ ተፈናቅለው ሲሬ አንዲት ክፍል የተከራዩት እናቷና እህቶቿ የሚጠብቁት ያንን የመምህርነት ቦታ ነው።

ኩማ ቱታቸውን እንደለበሱ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። የመጀመሪያ ብረቷን ስትቆርጥ እጇን ይዘው ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀዳዳው ተሳስቷል ይላሉ አሉኝ" አሏትና የታጠፈ ወረቀት ዘረጉላት። "ንድፉ ይኸውና። ሁለት ነው የሚለው፣ ፊርማሽም አለበት። እኔ እንግሊዝኛ የለኝም። አንቺ ንገሪልኝ።"

"እሺ ኦቦ ኩማ። እነግርልዎታለሁ።"

"በሩ ጋ አለሁ።" ግድግዳውን በግራሶ እንዳያቆሽሹ ራቅ ብለው ቆሙ።

ውስጥ ሚናስ እስክሪብቶውን አነሳና በእንግሊዝኛ ጠየቀ። "ንድፉ የታለ?"

ወረቀቱ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው። ገርበብ ባለው በር በኩል ኩማ ይታዩዋታል፤ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ።

"ጠፍቷል" አለች እሷም በእንግሊዝኛ። "አንድ ብዬ ነበር የሰጠሁት። የተሳሳተው ቴክኒሻኑ ነው።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

"ኩማ።"

ስማቸውን ሲሰሙ ኩማ ራሳቸውን ነቀነቁና ፈገግ አሉላት።

ሆሳዕና ከመድረኩ ወርዳ በሩን ዘጋችው።