ያልያዙትን መተው

መድኃኒት አባቷን መጥላት የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። አባቷ አቶ ገብረዋህድ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ለሥራ ብለው ከለገሃር ተሳፍረው ድሬዳዋ ወረዱና እዚያው ሌላ ትዳር ይዘው ቀሩ። እናቷ ፍረወይኒ ካዛንቺስ በከፈተቻት ትንሽ ሱቅ ክርና ቁልፍ እየሸጠች አሳደገቻት። እናቷ ኩላሊቷ ታሞ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት ተመልሰው ቂርቆስ አንዲት ክፍል ተከራዩ። መድኃኒት ይህን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

አንድ ሰኞ አከራያቸው ወይዘሮ ጦቢያ ከምትሠራበት ቢሮ ድረስ መጡ።

«አባትሽ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ሐሙስ ሊሠራላቸው ቀጠሮ አለ፤ ግን አብሮ የሚመጣ ዘመድ ካልያዙ አይሆንም ተብለዋል።»

«እኔ አባት የለኝም፣ እማማ።»

«ይሁን፣ ልጄ። አልከራከርሽም። ቀጠሮው ሁለት ሰዓት ነው» ብለው ስልካቸውን ጽፈውላት ሄዱ።

መድኃኒት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ሃድጉ ሄደች። ምክር ፈልጋ አልነበረም፤ ፈቃድ ነበር የፈለገችው። መልሷን ከመጽሐፉ አግኝታለች። ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስታገኛቸው ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸውና፣

«አባ፣ ጌታ ራሱ አባቱንና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ብሏል። እኔ ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አለቻቸው።

ቄስ ሃድጉ አልተቆጡም። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠየቋት።

«ያን ቃል የተናገረው ለማን ይመስልሻል?»

«ለሁሉም ነዋ።»

«አባቱን ለሚወድ ሰው ነው፣ ልጄ። ከእኔ አስበልጠህ አትውደድ ማለቱ ነው። አባቱን ከልቡ የሚወድ ሰው ለእግዚአብሔር ሲል ልተው ቢል ያመዋል፤ የሚተወው ነገር አለውና። አንቺ ግን ምንሽን ትተዪለታለሽ? ያልያዝሽውን?»

መድኃኒት ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች።

«ጥላቻሽ ምክንያት የለውም አላልኩም። አለው። ግን የራስሽ ነው፤ ለእግዚአብሔር ያቀረብሽው መሥዋዕት አታስመስዪው።»

«ታዲያ በግድ ልውደዳቸው?»

«ውደጂ አልልሽም። ሐሙስ አድርሻቸው ነው የምልሽ።»

መስቀል ተሳልማ ወጣች። እስከ ስታዲየም ድረስ በንዴት በእግሯ ሄደች። ማክሰኞም ረቡዕም ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች፤ ረቡዕ ማታ ለጦቢያ ደውላ «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዝግጁ ይሁኑ በሏቸው» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋች።

ሐሙስ ኮንትራት ታክሲ ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሽማግሌው አሮጌ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ ክፍላቸው አድርሳቸው፣ የዓይን ጠብታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል፣

«ፍረወይኒ እንዴት ሞተች?» አሏት።

በሩን እንደያዘች ቆመች። «አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?»

ተመልሳ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች። የእናቷ እግር እንዴት እንዳበጠ፣ በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት እንዴት ይመላለሱ እንደነበር፣ መጨረሻ ላይ ውኃ እንኳ በማንኪያ እየተለካ ይሰጣት እንደነበር፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እንዲያማቸው ብላ ነበር። አመማቸውም። በመሐሉ መሐረባቸውን አውጥተው ያልታሸገውን ዓይናቸውን ሲጫኑት፣

«አያልቅሱ ተብለዋል» አለቻቸው።

«እንዴት ብዬ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ሲያማት አትናገርም ነበር። አንቺን ልትወልድ ምጥ ይዟት ጠዋቱን ሙሉ ልብስ ስታሰጣ አረፈደች። እኔ የገባኝ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትቆም ነው። ‹ምነው?› ብላት ‹ካልሲህ ቀርቷል› አለችኝ።»

መድኃኒት ይህን ከእናቷ ሰምታ አታውቅም። ግን እናቷ ልክ እንደነበረችው ሆና ታየቻት። በዚህ ዓለም ላይ ፍረወይኒን እንዲህ የሚያውቃት እሷና እኚህ ሰው ብቻ መቅረታቸው በዚያች ሰዓት ገባት።

«መሄዴ ጥፋት ነበር» አሉ። «ምክንያት ነበረኝ ብልሽ እዋሻለሁ።»

«ገና አልበረደልኝም።»

«አይብረድልሽ። ብቻ ነገ ማሸጊያውን ለማስፈታት ተመለስ ብለውኛል።»

በማግስቱ መጣች። ለአሥር ቀን ያህል ጠብታውን ለመጨመር ተመላለሰች። ከዚያ ሽማግሌው ራሳቸው መጨመርና ብቻቸውን መንገድ መሻገር ቻሉ፤ የሚያመጣት ምክንያት አለቀ። እሷም ተገላገልኩ አለች።

ቅዳሜ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ለመሄድ ታክሲ ተሰልፋ ሳለ፣ ተራዋ ሲደርስ ለኋለኛው ለቀቀችና ወደ ቂርቆስ ወረደች። ሽማግሌው ጦቢያ የላኩላቸውን ሽሮ ሊበሉ እየቀረቡ ነበር። ሳያስገርማቸው አልቀረም፤ ግን ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እጇን ታጥባ ቀረበች።

«ጨው አንሶታል» አሉ አንድ ሁለት ከጎረሱ በኋላ።

«ግፊት አለብዎት።»

«አለብኝ። ግን አንሶታል።»

ሳቋ አመለጣት፤ ጨውን ግን አላቀበለቻቸውም።