ባሩድ የነካው እጅ

ግሌኒስና ባሏ ክላይቭ ከሜልቦርን መጥተው ባሕሩ ዳር ድንኳን ከተከሉ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። በአቅራቢያው ወዳለው አሮጌ ምሽግ ውሻ ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ ውሻቸውን ታፊን በር ላይ ያሰረቻት ግሌኒስ ናት። አስጎብኚው ለጎብኚዎች በባሩድ ብቻ የሚተኮሰውን የድሮ መድፍ እያሳየ "መድፉን ማን ይተኩስልኛል?" ሲል ቀድማ እጇን ያወጣችውም እሷው ናት።

"ሴትዮ፣ ምሽጉን እንዳታፈርሺው!" አላት ክላይቭ።

ገመዱን ሳበች፤ መድፉ አጓራ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበላት።

ሲወጡ ማሰሪያው ተበጥሷል፤ ታፊ የለችም። ክላይቭ ወደ ድንኳኑ ሮጠ፣ እሷ ወደ ባሕሩ። ውሻዋን ያገኘቻት ከምሽጉ ሥር፣ ዓለት ውስጥ ባለ ዋሻ ነው። ባሕሩ እየሞላ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል።

"ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ!" ብላ እጇን ዘረጋች። ታፊ አሸተተችውና እየተንዘፈዘፈች ወደ ውስጥ ሸሸች። እጇ ባሩድ ባሩድ ይሸታል። በአሸዋ ፈተገችው፣ ቆዳዋ እስኪላጥ አጠበችው። ታፊ አሁንም ሸሸች።

"እሺ፣ እጅ የለኝም! ይኸው!" ብላ እያለቀሰች እጆቿን ከኋላዋ ደበቀችና ፊቷን አስጠጋች። ታፊ ቀስ እያለች መጥታ ጉንጯን ላሰቻት።

ያን ጊዜ ትልቁ ማዕበል ገባ። ግሌኒስ ውሻዋን የምትይዝበት ከነዚያ እጆች በቀር ሌላ አልነበራትም።