ለሽምግልና የተማርኩት ዌልስኛ

በዚህ ዕድሜዬ እኔ ተክለማርያም ተማሪ ሆንኩ ብል ማን ያምነኛል? ያውም የዌልስኛ! የክርስትና ልጄ ሲራክ ኤለሪ የምትባል የዌልስ ልጅ ወደደ። እዚሁ ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ሄንደርሰን ውስጥ ነርስ ናት፤ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። አያትየው ታዲያ የልጅ ልጄ እዚያ በረሃ ላይ ካገባች ቋንቋችን በእሷ ያበቃል ብለው ፈቃዳቸውን ነፈጉ። ኤለሪም ያለ አያቴ ምርቃት አላገባም አለች። እሳቸው ሊጠይቋት ላስ ቬጋስ ሲመጡ፣ ሲራክ እግሬ ላይ ወድቆ ሽምግልና እንድገባለት ለመነኝ።

ከገባሁ አይቀር በቋንቋቸው ነው የምገባው ብዬ ፎከርኩ። ኤለሪ በስልክ ድምፅ እየላከች ታስተምረኝ ጀመር፤ እኔም ታክሲ ነጂ ነኝና አየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ ሆኜ ስደግም እውላለሁ። ከሁሉ የወደድኩት «ኦስ»ን ነው። እኛ «ከመጣህ» ስንል «ከ»ን ግሡ ላይ እንለጥፋታለን። እነሱ ግን «ኦስ»ን ለብቻዋ ፊት ያቆሟታል፤ ከዚያ ግሡ፣ ከዚያ ባለቤቱ ይከተላል። በቃ፣ ይኸው ነው! ይህ የገባኝ ቀን ከደስታዬ ብዛት ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አላየሁም፤ ከኋላዬ ያለው ሾፌር በጥሩንባ አደነቆረኝ። ጓደኛዬ ተስፋሚካኤል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ ያሾፍብኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነን ወደ ኤለሪ ቤት ሄድን፤ እኔ፣ ተስፋሚካኤልና ሆቴል የሚሠራው የወሎው ሙሐመድዘይን። ሲራክን መኪና ውስጥ ተውነው። ኤለሪም እንደ ደንባችን ጓዳ ገባች። አያቷ ወይዘሮ ብሮንወን አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው የሚዋጋ ሴት ናቸው። በእንግሊዝኛ ሰላም ብለውን ሶፋውን አሳዩን፣ ሻይ ቀዱልን። እኛ ቆምን። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ይቀመጣል እንዴ?

እንደገና ሶፋውን አሳዩን። አልተነቃነቅንም። ፊታቸው ቀላ። ለካ ይህንን ለኤለሪ መንገር ሁላችንም ረስተናል፤ እኛ ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም ለማንም አይነግረውም። ተስፋሚካኤል ባህላችን ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ሊያስረዳ ሞከረ። እሳቸው ግን ሻዬን ለናቀ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው ብድግ አሉ፤ በሩን ሊከፍቱልን ሄዱ።

ምን ይዋጠኝ! ሳምንቱን ሙሉ የሸመደድኩት የልመና ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። መኪና ውስጥ የሚጠብቀው ሲራክ ታየኝ፤ ምን ብለን ልንነግረው ነው? «ኦስ»ን ብቻ ያዝኩና የቀረውን ከማውቃት ቃል እየለቀምኩ ቀጠልኩበት።

«ኦስ ድዌዱኽ ኺ ኢዬ፣ ኤይስቴዙን ኒ።» እሺ ካሉን እንቀመጣለን ማለቴ ነው።

እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ዞረው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ጓደኞቼን፤ ከዚያ ሻዩን። የቆምነው ንቀን ሳይሆን ለልመና መሆኑ ገባቸውና ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔማ በደስታ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ወዲያው ኮስተር አሉና፣ እንዲገባኝ ቀስ አድርገው መለሱልኝ።

«ኦስ ደስጉኽ ኺር ፕላንት፣ ኤይስቴዙኽ።»

ልጆቹን ካስተማሩ ይቀመጡ። የሚወለዱትን ልጆች፣ ዌልስኛ ማለታቸው ነው። ኧረ ጉዴ! ጓደኞቼ ምን አሉ፣ ምን አሉ እያሉ ይጎነትሉኛል። የገዛ የልጅ ልጄ ሳምራዊት በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ሴትየዋ የፈሩት እውነታቸውን ነው፤ እኔም በራሴ ቤት እያየሁት ነው። ይህ ቃል እንደ ዋዛ የሚሰጥ አይደለም። ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ይህን ያህል ከቻልኩ፣ የቀረው ለምን ያቅተኛል?

ሄጄ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ኤለሪ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሙሐመድዘይን እንደ ሴት እልል አለ። ተስፋሚካኤል ያ ሁሉ ፌዙ ጠፍቶ፣ ሲራክን ሊጠራ ሲወጣ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ ማድረግ ረስቶ ነበር። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ እየሳቅን ጠጣነው። ልጆቹ ገና አልተወለዱም፤ ወይዘሮ ብሮንወን ግን ሲኒዬን ሳላስቀምጥ አጠራሬን ማረም ጀመሩ።